ባለማሰሮው ተክል በደሴና በኮምቦልቻ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ነፔንተስ የሚባለው ባለማሰሮ ተክል ደሴ ላይም ኮምቦልቻ ላይም ያድጋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው "የሞቃት አገር ተክል ነው፣ የእኛን ብርድ አይችለውም" እያለ ገና ሳይጀምር ስለሚተወው ነው። የእኛን ከፍታ ግን ብዙዎቹ ዝርያዎች ይወዱታል። የሚያስቸግረው የበጋው ደረቅ አየርና የምናጠጣው ውሃ ነው። ከጎረቤት፣ ከተማሪዎችና አበባ ከሚወዱ ወዳጆች በብዛት የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ለመሆኑ ነፔንተስ ምንድን ነው?

ነፍሳትን አጥምዶ የሚመገብ ሐረግ ነው። ከ170 በላይ ዝርያዎች አሉት። አብዛኞቹ የሚገኙት በቦርኒዮ፣ በሱማትራና በፊሊፒንስ ነው። ወደ እኛ ሲጠጋ በሕንድ፣ በስሪላንካ፣ በሲሸልስና በማዳጋስካር ይበቅላል። አህጉሩ ላይ፣ ማለትም በዋናው የአፍሪካ ምድር፣ በዱር የሚበቅል ነፔንተስ የለም። ስለዚህ "ወሎ ጫካ ውስጥ አይቻለሁ" የሚላችሁ ሰው ሌላ ነገር አይቶ ነው።

በትውልድ ቦታው የሚበቅለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በጣም በሚያንስበት አፈር ላይ ነው። አፈሩ የነፈገውን ከነፍሳት ያገኛል። እንደ ማንኛውም ተክል ግን ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉና በፀሐይ ብርሃን ነው። ነፍሳቱ ለእሱ ማዳበሪያ ናቸው።

ያ ማሰሮ አበባው ነው?

አይደለም። የቅጠሉ ጫፍ ነው። አዲስ ቅጠል ሲዘረጋ ጠጋ ብላችሁ እዩት። የቅጠሉ መሐል ጅማት ጫፉን አልፎ ቀጭን ክር ሆኖ ይወጣል። ክሩ ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል እብጠት አለች። እሷ ናት ማሰሮ የምትሆነው። ሁኔታው ከተስማማት ቀስ በቀስ ትወፍራለች፣ ወደ ላይ ትታጠፋለች፣ ውስጧም ፈሳሽ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ክዳኑ ግጥም ብሎ ዝግ ነው። ሲከፈት ከንፈሩ ገና ለስላሳና ፈዛዛ ነው። ከዚያ በቀናት ውስጥ ወደ ውጭ ይጠቀለላል፣ ይጠነክራል፣ ቀለሙም ይወጣል።

ከንፈሩ ላይ ስስ የሆኑ ቦዮች አሉ። ከሥሩ ጣፋጭ ወለላ ያመነጫል። ጉንዳን ወለላውን ፍለጋ ይመጣል። ከንፈሩ ደረቅ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ልሶ በሰላም ይመለሳል። ጤዛ ወይም ዝናብ ሲያርሰው ግን ቦዮቹ ውሃውን ስስ አድርገው ያሰራጩታል፤ ያኔ የጉንዳን እግር መቆንጠጫ ያጣል። በብዙ ዝርያዎች የውስጡ ግድግዳ ደግሞ ሰም ለብሷል፤ ቢሞክርም አያስወጣውም። ታች ያለው ፈሳሽ አሲድና ኢንዛይም አለው፣ ሥጋውን ያሟሟዋል። ነፍሳት ሁልጊዜ ስለማይንሸራተቱ ወጥመዱ አይሠራም ማለት አይደለም። እንዲያውም በሰላም የተመለሰው ጉንዳን ጓደኞቹን ይዞ ይመጣል።

አበባው ሌላ ነው። ከግንዱ ጫፍ ረጅም ዘንግ ይወጣና ጥቃቅን አበቦች ይደረደሩበታል። ተክሉ ወይ ወንዴ ነው ወይ ሴቴ፤ ሁለቱን በአንድ ላይ አይዝም። ዘር ለማግኘት ሁለቱም በአንድ ሰሞን ማበብ አለባቸው።

ሌላ ተክል ነው እንዳልሳሳት በምን ልለየው?

በክሩ። ማሰሮው ከቅጠል ጫፍ በክር ተንጠልጥሎ ከሆነ ነፔንተስ ነው። ሳራሴኒያ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ተክል ማሰሮው ከመሬት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ክር የለውም። ከደቡብ ምዕራብ አውስትራሊያ የሚመጣው ሴፋሎተስ ደግሞ አጭር ነው፣ ማሰሮዎቹ መሬት ላይ ይቀመጣሉ። እንክብካቤያቸውም የተለያየ ስለሆነ መለየቱ ይጠቅማል። ሳራሴኒያ ውሃ ውስጥ መቆም ይወዳል። ነፔንተስ እንደዚያ ካደረጋችሁት ሥሩ ይበሰብሳል።

እኛ አገር ደጋ ላይ የሚበቅለውን አሞጭን ከዚህ ጋር የሚያምታቱ አሉ። አሞጭም ክዳን ያለው ነገር ያወጣል። እሱ ግን የአበባው መጠቅለያ ነው፣ ነፍሳትን የሚፈልጋቸውም ለመራቢያ እንጂ ለምግብ አይደለም። ነፍሳት የሚበላ የአገራችን ተክል ማየት የሚፈልግ ሰው ዩትሪኩላሪያን ይፈልግ። ረግረግና ሐይቅ ውስጥ ይኖራል። ወጥመዶቹ ግን በጣም ጥቃቅን ከረጢቶች ስለሆኑ ማጉሊያ መነጽር ያስፈልጋል።

ዝርያውን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

በፎቶ ብቻ ማወቅ ይከብዳል። አንዱ ምክንያት አንድ ተክል ሁለት ዓይነት ማሰሮ ማውጣቱ ነው። ከሥሩ አካባቢ ያሉት ድቡልቡል ያሉ ናቸው፣ ብዙ ጊዜም ፊት ለፊታቸው ሁለት ክንፍ አላቸው። ሐረጉ ሲያድግ ላይ የሚወጡት ደግሞ ረዘም ቀጠን ይላሉ፣ ክንፋቸውም ይጠፋል። ሁለቱን ለየብቻ ያየ ሰው ሁለት የተለያዩ ተክሎች ናቸው ብሎ ይከራከራል። ሌላው ምክንያት ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ድቅል መሆኑ ነው።

ግልጽ ምልክት ያላቸው ግን አሉ። ቬንትሪኮሳ ወገቡ ላይ ገባ ያለ ነው። አምፑላሪያ አጭርና ድብልብል ነው፤ ክዳኑ ጠባብ ሆኖ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ ስለዚህ ከላይ የሚረግፍ ቅጠልም ይቀበላል። (በማሌዥያ ማሰሮውን አጥበው ሩዝ ይቀቅሉበታል።) ባይካልካራታ ከክዳኑ ሥር ሁለት ሹል ጥርሶች አሉት። ራጃህ የተባለው የቦርኒዮ ግዙፍ ደግሞ ክሩ ከቅጠሉ ጫፍ ሳይሆን ከጫፉ ትንሽ ገባ ብሎ ከሥር ይወጣል። የራጃህ ማሰሮ ከ3 ሊትር በላይ ውሃ የመያዝ አቅም አለው።

ቴሌግራም ላይ የነፔንተስ ዘር የሚሸጡ አሉ። ልግዛ?

ፎቶው ላይ ያለው ማሰሮ ሰማያዊ ወይም የቀስተ ደመና ቀለም ካለው አትግዙ። እንደዚህ ያለ ነፔንተስ የለም። እውነተኛው ዘር ፀጉር የመሰለ ቀጭን ነው፣ ቡናማ፣ በሁለቱም ጫፍ የሾለ። ክብ ጥቁር ፍሬ ከላኩላችሁ የሌላ ተክል ዘር ነው። እውነተኛ ቢሆንም እንኳ የነፔንተስ ዘር ቶሎ ነው የሚሞተው። በርካታ ወራት መደርደሪያ ላይ የቆየ ዘር ተስፋ የለውም። ከዘር የጀመረ ተክል ደግሞ ደህና ማሰሮ እስኪያወጣ ዓመታት ይወስዳል። ለጀማሪ ትንሽ ችግኝ ይሻላል።

ደሴ ላይ የትኛው ይሆናል? ኮምቦልቻስ?

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ነፔንተስ በሁለት ይከፈላል፤ የቆላና የደጋ። በግምት ከ1,000 ሜትር በታች የሚኖሩት ቆለኞች ናቸው። ቀንም ሌሊትም ሙቀት ይፈልጋሉ። ከዚያ በላይ ያሉት ደገኞች ቀን ከ20 እስከ 28 ዲግሪ፣ ሌሊት ከ10 እስከ 16 ዲግሪ ይስማማቸዋል። ሌሊቱ ካልቀዘቀዘላቸው ይደክማሉ። በሞቃት አገር ያሉ አሳዳጊዎች ይህን ቀዝቃዛ ሌሊት በማሽን ነው የሚያመጡት። እኛ በነፃ አለን።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ራጃህ ራሱ በዱር የሚኖረው ከ1,500 እስከ 2,650 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። ልዩነቱ የእሱ ተራራ ዓመቱን ሙሉ ጭጋግና ዝናብ ያለው መሆኑ ነው። የእኛ የደሴው ተራራ ጦሳ ደግሞ በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ስለዚህ ደሴ ላይ ደገኛ ዝርያ ምረጡ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ግን ማታ ማታ ቤት አስገቡት። ከ8 ዲግሪ በታች ባያድር ይመረጣል፤ ውርጭ ደግሞ ይገድለዋል። ለመጀመር ቬንትሪኮሳን፣ ሳንጉዊኒያን ወይም ቬንትራታ የሚባለውን ድቅል እመክራለሁ። ቬንትራታ ከሁሉም ቻይ ነው። ራጃህን ለኋላ አቆዩት፤ ዝግተኛና አስቸጋሪ ነው።

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ጃኬታችሁን ማውለቃችሁ አይቀርም። ወደ 1,850 ሜትር ወርዳችኋል። ለእኔ ለነፔንተስ ከሁለቱ የምትሻለው ኮምቦልቻ ናት። ቬንትራታ፣ ማክሲማና የሕንዱ ካሲያና እዚያ ደስ ብሏቸው ያድጋሉ። በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ሲጠጋ ጥላ ማብዛት ብቻ ነው። ባይካልካራታንና አምፑላሪያን ግን ለኮምቦልቻም አልመክርም። ቀኑ ቢስማማቸውም የበጋው ሌሊት ይበርዳቸዋል።

የቧንቧ ውሃ ላጠጣው?

አታጠጡት። ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ። የተጋገረ ነጭ ነገር ካለ፣ ያ ከውሃው የቀረ ማዕድን ነው። ነፔንተስ ማዕድን በጣም በሚያንስበት ቦታ የኖረ ተክል ነው። ጨውና ኖራ መትከያው ውስጥ ሲጠራቀም መጀመሪያ የቅጠሉ ጫፍ ይጠቁራል፣ ከዚያ ማሰሮ መሥራት ያቆማል፣ ከወራት በኋላ ይሞታል። ቀስ ብሎ ስለሚገድል ሰው ጥፋቱን ውሃው ላይ አያሳብብም።

ማፍላት አይረዳም። ውሃው ሲተን ማዕድኑ እዚያው ይቀራል። የታሸገ የምንጭ ውሃም ማዕድን አለው። የሚሆነው የዝናብ ውሃ፣ ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ እንደገና ውሃ የሆነ) ወይም በአርኦ ማሽን፣ ማለትም ማዕድኑን በሚያስቀር ማጣሪያ፣ ያለፈ ውሃ ነው። ጋራዥ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ የምትገዙ ከሆነ ጽሑፉን በደንብ አንብቡ። አሲድ የተቀላቀለበት ካለ ተክሉንም እጃችሁንም ያቃጥላል።

እዚህ ዝናቡ ራሱ መፍትሔ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሙሉ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ቅዱ። አንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከዘነበ 10 ሊትር ውሃ ነው። ሰኔ መግቢያ ላይ የሚወርደው አቧራና ዝገት ያጥባልና እሱን አሳልፉት። ከዚያ ጀሪካኑን በደንብ ክደኑና ጨለማ ቦታ አስቀምጡት፤ ብርሃን ካገኘ አረንጓዴ ይይዛል። ለአንድ ትንሽ ተክል ሁለት ሦስት ባለ20 ሊትር ጀሪካን እስከ በልግ ያደርሳል። በልግ ካልከዳ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ እንደገና ትሞላላችሁ።

አጠጣጡ ቀላል ነው። ከላይ አፍስሱ፣ ከሥር ይውጣ፣ ይጥፋ። መትከያው እርጥብ ይሁን እንጂ አይጨቅይ።

በበጋ ማሰሮዎቹ በሙሉ ደረቁ። ሞተብኝ?

ቅጠሉ አረንጓዴ ከሆነና አዲስ ቅጠል እየመጣ ከሆነ አልሞተም። ማሰሮ መድረቁ በራሱ በሽታ አይደለም። እያንዳንዱ ማሰሮ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ይቆይና ከላይ ጀምሮ ቡናማ እየሆነ ይደርቃል። ቦታ ሲቀየርበትም ያሉትን ይጥላል። የደረቀውን ማሰሮ ብቻ ቁረጡ። ቅጠሉን ተዉት፣ ምግብ የሚሠራው እሱ ነው።

መጨነቅ ያለባችሁ ትንሿ እብጠት ሳታድግ ስትደርቅ ነው። ክሩ ወጥቶ ጫፉ ጠቁሮ ከቀረ፣ አንድ ነገር ጎድሏል። እኛ ጋ ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው የአየር እርጥበት ነው። ነፔንተስ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ከጥቅምት ጀምሮ የከንፈራችሁ ቆዳ ሲሰነጠቅ፣ የተክሉም ጭንቅ የጀመረው ያኔ ነው።

ትንሽ ተክል ከሆነ መፍትሔው ሱቅ አያስኬድም። ባለ2 ሊትር ሃይላንድ ታቹን ቁረጡና ድፉበት። ክዳኑን አውልቁ፣ አየር በዚያ ይገባል። ለትልቅ ተክል ሰፋ ያለ ሳፋ ላይ ጠጠር አድርጉ፣ ውሃ ጨምሩ፣ መትከያውን ከውሃው በላይ ጠጠሩ ላይ አስቀምጡት። የሳፋው ውሃ ሥሩን ስለማይነካ የቧንቧም ቢሆን ችግር የለውም። ብዙ ተክሎችን አንድ ላይ ማጠጋጋትም ይረዳል። በረንዳውን በግልጽ ላስቲክ የሸፈነ ሰው ደግሞ ከሁሉም በላይ ያተርፋል፤ በቀትር ግን ገለጥ ማድረግ አለበት፣ አለበለዚያ ውስጡ ይፈላል። ከከሰል ምድጃ አጠገብ አታስቀምጡት።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ብርሃን ነው። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ረጅምና ልፍስፍስ ከሆነ ጨለማ በዝቶበታል። ቀላ ያለ መልክ ከያዘ ደህና ነው። ቢጫና የተቃጠለ ነጠብጣብ ካለው ፀሐይ መትቶታል። የደሴ የቀትር ፀሐይ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ አይታወቅም እንጂ ኃይለኛ ነው። የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ የምሥራቅ መስኮት ወይም ስስ መጋረጃ ያለው ቦታ ጥሩ ነው።

ምን አፈር ላይ ልትከለው?

አፈር ላይ አይተከልም። ጥቁር አፈር፣ ፍግ፣ ኮምፖስት ሁሉም ይቅር። ስፋግነም ሞስ (የረግረግ ቦታ ሽበት) እና ፐርላይት (ነጭ፣ ቀላል የድንጋይ ፍርፋሪ) እኩል በእኩል ማደባለቅ የታወቀው ዘዴ ነው። ካልተገኘ የተፈጨ የኮኮናት ገለባ፣ ኮኮፒት የሚባለው፣ ከፐርላይትና ከጥድ ቅርፊት ጋር ይሆናል። ኮኮፒት ጨው ስለሚይዝ በዝናብ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት። ዋናው ነገር ውሃ የሚይዝ፣ አየር የሚያስገባና ማዕድን የሌለው መሆኑ ነው። ሸክላ መትከያ ጨው ስለሚያጠራቅም ፕላስቲክ ይሻላል። በየሁለት ዓመቱ ገደማ ድብልቁን ቀይሩ፣ ጊዜውንም ክረምት አድርጉት።

ከጫካ ዛፍ ላይ ሽበት እየላጡ የሚያመጡልኝ ልጆች አሉ። ልባቸው መልካም ነው፣ ግን እሱ ስፋግነም አይደለም፣ ዛፉም ባይራቆት ይሻላል።

ሥጋ ልስጠው?

አትስጡት። ይበሰብስና ማሰሮውን ይዞ ይሄዳል። ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ከሆነ ራሱ ያድናል። ቤት ውስጥ ከሆነ በወር አንዴ ትንሽ ዝንብ ወይም ጉንዳን አንድ ማሰሮ ውስጥ መጣል ይበቃዋል። ሲጓጓዝ ፈሳሹ የፈሰሰበት ማሰሮ ካለ ሩብ ያህሉን በንጹሕ ውሃ ሙሉት።

ልጅ ይነክሳል? ዝንብስ ያጠፋልኛል?

አይነክስም። የሚዘጋ ወይም የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ልጅ ጣቱን ቢከትበት እጁን መታጠብ ነው። ዝንብን በተመለከተ፣ ጥቂት ይይዛል፣ የሚበዛለት ጉንዳን ነው። የወጥ ቤት ዝንብ አጥፍቶ አይጨርስላችሁም።

ተባይ ያጠቃዋል?

ያጠቃዋል። ክሽክሽና ጥጥ የመሰለው ነጭ ተባይ አዲስ ቅጠል ሥር ይደበቃሉ። ቶሎ ካያችሁት አልኮል በነካ ጥጥ አንድ በአንድ ማንሳት ይበቃል።

ከየት ይገኛል? ከውጭ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ቢያመጣልኝስ?

ያለ ወረቀት አይሆንም። ተክል አገር ለማስገባት የማስገቢያ ፈቃድና የላኪው አገር የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። ነፔንተስ ደግሞ በሙሉ ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ተዘርዝሯል። ራጃህና ካሲያና በጥብቁ በአንደኛው ዝርዝር፣ ሌሎቹ በሁለተኛው ናቸው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት። ከማዘዛችሁ በፊት የግብርና ባለሥልጣንን የኳራንቲን ክፍል ጠይቁ። ሻጩንም ተክሉ በችግኝ ጣቢያ የተባዛ እንጂ ከዱር የተነቀለ አለመሆኑን ጠይቁት። ራጃህ ለመጥፋት አደጋ ከተዳረገባቸው ምክንያቶች አንዱ ከዱር መነቀሉ ነው።

ከሁሉ የሚቀለው ግን ካለው ሰው ቁራጭ መውሰድ ነው።

ቁራጩን እንዴት ላብቅለው?

ሐረጉ ሲረዝም ሁለት ወይም ሦስት አንጓ ያለው ቁራጭ በስለታም ምላጭ ቁረጡ። ምላጩን መጀመሪያ በአልኮል ጥረጉት። የቅጠሎቹን ግማሽ ቁረጡ፣ ውሃ በቅጠሉ እንዳያልቅበት። የታችኛውን አንጓ በረጠበ ስፋግነም ጠቅልላችሁ ትንሽ መትከያ ውስጥ አኑሩት። ክዳኑን ሳታወልቁ ሃይላንዱን ድፉበት። ብርሃን ያለው ግን ቀጥተኛ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጡት።

ሐምሌ ላይ የተቆረጠ ቁራጭ አየሩ ራሱ ስለሚያግዘው በደንብ ይይዛል። ታኅሣሥ ላይ ግን ባትሞክሩት ይሻላል። ሥር ለማውጣት ከአንድ እስከ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በመሐል ሥር አውጥቶ እንደሆነ ለማየት አትጎትቱት። ከአንጓው አዲስ ቡቃያ ብቅ ብሎ ቅጠል ሲዘረጋ ሥር ይዟል ማለት ነው። ያኔም ሃይላንዱን በአንዴ አታንሱ። መጀመሪያ ክዳኑን ክፈቱ፣ ከሳምንት በኋላ ቀን ቀን አንሱለት፣ ሲለምድ ሙሉ በሙሉ አውጡት። የተቆረጠው እናት ተክልም ከታች አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል።